የጋሽ ወልደሥላሴ ፊርማና የላንሲው አንቴና

ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ በሚሄደው ባቡር ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም። ሁሉም ጋዜጣውን ወይም ስልኩን ይዞ አንገቱን ይደፋል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት በስህተት ቢነካ «ፓርዶን» ይልና መልሶ ያቀረቅራል። አቶ ወልደሥላሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዊዘርላንድ ኖረው ይህን ዝምታ አልለመዱትም። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ከፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት ስልኳን አንስታ «ወዬ ሙሳ፤ አዎ ተሳፍሬያለሁ» ስትል ቢሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«እሰይ! ያገሬ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። ጽዮን እባላለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጮክ ብዬ አወራሁ መሰለኝ።»

«ምን ጮህሽ! ጆሮዬን ነው የባረክሽው። እኔ ወልደሥላሴ እባላለሁ፤ ጄኔቫ አጠገብ፣ ላንሲ ነው የምኖረው።»

ልጅቱ ስማቸውን ስትሰማ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ዙሪክ ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ይህን ጥያቄ ባትጠይቃቸውም ሊነግሯት ነበር። አቶ ወልደሥላሴ ላንሲ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አሥራ ሰባት ያገራችን ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። አስተማሪዋ ወይዘሮ ለተሚካኤል ግን የሚኖሩት ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ነው። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለማያስኬዳቸው ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ነው የሚያስተምሩት። ልጆቹ በትልቅ ስክሪን ያዩዋቸዋል። ችግሩ ምድር ቤቱ ነው። ኔትወርክ አይገባውም። የአንዱን ወላጅ ሞባይል መስኮት ላይ አስቀምጠው ሲሞክሩት፣ ወይዘሮ ለተሚካኤል «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብለው ጀምረው «ሆ» ላይ ሲደርሱ አፋቸውን እንደከፈቱ ድርቅ ብለው ይቀራሉ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ወላጆቹ ይናደዳሉ።

«እና ወላጆቹ ትዕግሥታቸው አለቀ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። «የፊታችን ቅዳሜ ትምህርቱ እንደገና ከተቋረጠ ይዘጋ ብለው ወስነዋል። ይህን ለአስተማሪዋ በስልክ ልንገራቸው ብል አንጀቴ አልችል አለ። በአካል ሄጄ ነግሬያቸው መመለሴ ነው። ሴትዮዋ አላለቀሱም፤ መነጽራቸውን ጠረጉና ‹ልጆቹ ገና ‹ቀ› አልደረሱም እኮ› አሉኝ።»

«ምን አሰቡ ታዲያ?»

«አስቤበታለሁ! ትልቁን የስልክ ኩባንያ ጠርቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት መጥተው ገመድ ይዘረጉልኛል።»

አቶ ወልደሥላሴ ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። የስልክ ሰው ናቸዋ! በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን ጥሪ ሲያገናኙ ኖረዋል፤ በደርግ ዘመን ተሰደው ጄኔቫ ከገቡ በኋላም በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የስልክ ክፍል እስከ ጡረታቸው ሠርተዋል። በላንሲው ሕንፃ ውስጥ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ጎረቤት የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነው። እሳቸው «ይሄ ጥሩ ነው» ካሉ ጥሩ ነው፤ «ይሄ አይረባም» ካሉም አለቀ።

አሁን ዓይናቸው ከልጅቱ አጠገብ ባለው ክብ ነገር ላይ አረፈ። «ይህ ሰሃን የቴሌቪዥን ነው?»

«አይደለም ጋሼ፤ የኢንተርኔት አንቴና ነው። ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ላለ አንድ የወይን ገበሬ ነው የምንተክልለት። ቤቱ መንገዱ መጨረሻ ላይ ብቻውን ስለሆነ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እስከዚያ ድረስ ገመድ አይስቡለትም። እኔና ባልደረባዬ ሙሳ ትንሽ ድርጅት አለችን። እኔ ዲቲኮን ሆኜ የዙሪክን በኩል እይዛለሁ፤ እሱ የጄኔቫን። ገመድ አልባ ኢንተርኔት እንሰጣለን።»

«ገመድ አልባ!» አቶ ወልደሥላሴ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝና ይህ ቃል ራሱ ደስ አይለኝም። ወላጅ አልባ እንላለን፤ ቤት አልባ፣ ሥራ አልባ እንላለን። ‹አልባ› የተባለ ሁሉ አንድ ነገር የጎደለው ነው። ገመድ ያጣ መስመር ደግሞ ምን መስመር ነው?»

«እንከን አልባስ ጋሼ?»

«ምን አልሽ?»

«እንከን አልባ እንል የለም እንዴ? እሱም የጎደለው ነገር አለ። የጎደለው እንከን ነው።»

«አይ የዛሬ ልጅ!» ብለው ሳቁ። መሸነፍ ግን አልፈለጉም። «እሺ፣ ቀልዱን እንተወው። እኔ ዕድሜዬን ከሽቦ ጋር ነው የፈጀሁት። ሽቦ ሲበጠስ የተበጠሰበትን ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። በአየር ላይ የሚሄደውን ማን ያየዋል? ዝናብ ሲመጣ፣ በረዶ ሲጥል ምን ይውጠዋል?»

«ጋሼ፣ ቴሌ ሳሉ ጅማን ሲያገናኙ ድምፁ በምን ነበር የሚሄደው?»

«በማይክሮዌቭ ነዋ! ተራራው ላይ ማማ ነበረን። ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ...» አሉ።

«ገመድ ነበረው?» አለች ጽዮን በጣም በትሕትና።

ባቡሩ በርን ከተማ ደርሶ፣ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ተነሳ።

«የክረምቱ ዝናብስ ያቋርጠው ነበር?» አለቻቸው ቆይታ።

«አልፎ አልፎ» አሉ። «ግን ይሠራ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና ከሽቦው ይሻል ነበር። ሽቦውን እየቆረጡ ይሰርቁን ነበር።»

ብዙ ሰው እንዲህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት የኖረውን ነገር አዲስ ስም አውጥተው፣ በወጣት እጅ አስይዘው ሲያመጡለት እንደ ባዕድ ያየዋል። አቶ ወልደሥላሴ ይህን በሆዳቸው አመኑ፤ በአፋቸው ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ።

«ይሁን፣ ይሠራል እንበል። እናንተ ግን ስንት ናችሁ? ሁለት። ነገ አንዳችሁ ብትታመሙ፣ ወይም አንቺ አግብተሽ ሥራውን ብትተዪው፣ ደንበኛው የት ይወድቃል? ትልቁ ኩባንያ ግን ዛሬም አለ፣ ነገም አለ። ቴሌን እይው! ስንት መንግሥት ሲቀያየር ንቅንቅ አላለም።»

«ማግባቱንስ አገባ ይሆናል፤ ሥራዬን የሚያስተወኝን ግን አላገባም» አለች እየሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ ቀጠለች። «ስጋትዎ ግን እውነት ነው ጋሼ። እኛም ፈርተነዋል። ለዚህ ነው ብቻችንን ያልቆምነው። እንደኛ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች በየከተማው አሉ፤ ተማክረን ማኅበር አቁመናል። አንዱ ሲቸገር ሌላው ዕቃውን ያውሰዋል፣ ጣሪያውን ያካፍለዋል፣ ሰው ይልክለታል። እርስዎ ያደጉበት እድር ማለት ነው። የእድር ድንኳን የአንድ ሰው አይደለም፤ ግን ማንም ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑ ይደርሳል።»

«ኢንተርኔቱንስ ከየት ነው የምታመጡት?»

«ዋናውን መስመር ከትልቅ ኩባንያ እንገዛለን።»

«ይኸውልሽ!» አቶ ወልደሥላሴ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ከጎን የተቀመጠው ሰውዬ ከጋዜጣው ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ከምንጩ መቅዳት ስችል ለምን ከእንስራሽ እጠጣለሁ?»

«ምንጩ ደጅዎ ድረስ ከመጣልዎ ይቅዱ ጋሼ፤ እኔም አልከፋም። ትልቁን ኩባንያ መጥፎ ነው አልልም፤ እሱ ባይኖር እኛም የለንም። ግን እሱ የሚያየው ሚሊዮን ሰው ነው። የወይን ገበሬው ለሱ በካርታ ላይ ያለ ነጥብ ነው፤ እኔ ግን ውሻው እንደሚናከስ ሁሉ አውቃለሁ። ሲቸገር ይደውልልኛል፤ የማነሳውም እኔ ራሴ ነኝ።»

«እኔ የምገዛው ኢንተርኔት ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» አሉ ፈርጠም ብለው። «ትልቁ ስድስት ወር በነፃ ይሰጣል፤ ቴሌቪዥን ይጨምራል፤ ሞባይል ይጨምራል። እናንተስ ምን ትጨምራላችሁ?»

ጽዮን ፈገግታዋ ጠፋ። «ምንም አንጨምርም ጋሼ። እየተሸነፍን ያለነውም ለዚህ ነው። ላንሲ ውስጥ ሃያ አራት ቤት ያለው አንድ ሕንፃ አለ። ጣሪያው ላይ ያለችው አንቴናችን ለጄኔቫው ሥራ ሁሉ እናት ናት፤ ገበሬውም፣ ጋራዡም፣ የሕፃናት ማቆያውም የሚያገኙት ከሷ ነው። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ሬዢው፣ ‹ከግማሽ በላይ ነዋሪ እስከፈለጋት ድረስ ትቀመጥ› ብሎን ነበር። ባለፈው ወር የትልቁ ኩባንያ ሠራተኛ መጥቶ ነዋሪውን አስፈረመ። አሥራ አራት ቤት ነበረን፤ ስድስት ቀረን። በወሩ መጨረሻ አንቴናችሁን አውርዱ ተብለናል።»

«እና... ለምን ፈረሙ?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። ድምፃቸው ቀንሶ ነበር።

«አንድ የተከበሩ ሰው መጀመሪያ ስለፈረሙ ነው። ‹እሳቸው ካመኑበት እኛ ምን እናውቃለን› ብለው ሌሎቹ ተከተሉ።»

አቶ ወልደሥላሴ ክው ብለው ቀሩ። ያ የተከበረ ሰው እሳቸው ናቸው! ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በሚያምር ጽሕፈት የመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸውን ያኖሩት እሳቸው። ሙሳ የሚባል ልጅ ዓምና በራቸውን አንኳኩቶ «ለምድር ቤቱ ኢንተርኔት ከጣሪያው ላውርድላችሁ» ሲላቸው «ሂድ ልጄ፣ በአየር የሚጫወት ነገር አልፈልግም» ብለው የመለሱትም እሳቸው።

«እኔ ነኝ» ማለት ፈለጉ። አልቻሉም። ባቡሩ ሎዛን አልፎ ሐይቁ በግራ በኩል እስኪገለጥ ድረስ ስለ አየሩ ሁኔታ አወሩ። ጄኔቫ ሲደርሱ ጽዮን ስልክ ቁጥሯ ያለበትን ካርድ በሁለት እጇ ሰጥታቸው፣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተቻቸው። ካርዱን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ወልደሥላሴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። የትልቁ ኩባንያ ቴክኒሺያን የሚመጣው ደግሞ፣ በፈረንሳይኛ እንደነገሯቸው፣ ከስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። አቶ ወልደሥላሴ የኪስ ማስታወሻቸው ላይ እንደ ሁልጊዜው በኛ አቆጣጠር «ከ2 እስከ 6» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ደወሉ። ጥሩወርቅ አንድ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቿ በምድር ቤቱ የሚማሩ ሴት ናት።

«ጥሩዬ፣ ሐሙስ የኩባንያው ሰው ይመጣል። ከሁለት እስከ ስድስት ምድር ቤቱን ከፍተሽ ጠብቂልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ እመቤቲቱን አስፈቅዳለሁ።»

አስፈቀደች። ግን ጥሩወርቅ ቀኑን ሙሉ የምትኖረው በእንግሊዝኛ ሰዓት ነው። ቁርስ በሰባት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት በአራት። የሚመጣው የፈረንጅ ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው ብላ አሰበች። ከምሳ በኋላ በፈረንጁ ሁለት ሰዓት መጥታ በሩን ከፈተችና እስከ ምሽቱ ስድስት ድረስ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ውስጥ ተኮራምታ ተቀመጠች። ቴክኒሺያኑ ጠዋት በቀጠሮው መጥቶ፣ ደውሎ፣ አንኳኩቶ፣ የሚከፍትለት አጥቶ «መጥተን አላገኘናችሁም» የሚል ወረቀት በአቶ ወልደሥላሴ ቤት በር ላይ ለጥፎ ከሄደ ቆይቷል።

አቶ ወልደሥላሴ ሲመለሱ ወረቀቱን አነበቡና ይዘውት ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...» አለች ጥሩወርቅ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ተይው፣ ተይው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖሬ ሰዓቴን አላስተካከልኩም» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

ትልቁ ኩባንያ ጋ አንድ ማሽን ተቀበላቸው። ለፈረንሳይኛ አንድን ይጫኑ። ተጫኑ። ለነባር ደንበኛ ሁለትን ይጫኑ። እሳቸው ነባርም አዲስም አይደሉም፤ ገመዱ ገና አልተዘረጋማ! ሦስትን ተጫኑ፤ ሙዚቃ መጣ። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል ድምፅ በየመሐሉ እየገባ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አዳመጡ። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች። አቶ ወልደሥላሴ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር ከንጋት ጀምረው አስረዷት። ልጅቱ በትዕግሥት ሰማቻቸው፤ አዘነችላቸውም። «ግን ሙሲዩ፣ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠኝ ቀን ከአምስት ሳምንት በኋላ ያለውን ነው» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፣ ትልቁ ኩባንያ አላጠፋም። ሰውየው በሰዓቱ መጥቷል፤ ልጅቱም አልሰደበቻቸውም። ችግሩ፣ ያ ሁሉ ሺህ ሠራተኛ ያለው ቤት ውስጥ፣ የአቶ ወልደሥላሴን ቅዳሜ የራሱ ቅዳሜ ሊያደርገው የሚችል አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

ካርዱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። በምን ዓይናቸው ሊደውሉላት! ያቺ ልጅ ጋ ደውሎ «ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ፤ አሁን አድኚኝ» ማለት ዓይንን በጨው መታጠብ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ደውለው ሳይነሳ ዘጉት። በሦስተኛው፣ ሁለቴ እንኳ ሳይጠራ ተነሳ።

«አቤት ጋሼ! እየደወሉ የሚዘጉት እርስዎ ነዎት?»

የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ስለ ፊርማው ብቻ ምንም አልተነፈሱም።

«ነገ እመጣለሁ። ሙሳም ይመጣል። ስንት ሰዓት ይመቸዎታል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሺልኝ...»

«በኛ ነው በነሱ?»

ይህች አንድ ጥያቄ ቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ ጥሩወርቅ ባላለቀሰች፣ ትምህርት ቤቱም አደጋ ላይ ባልወደቀ ነበር። ትልቁ ኩባንያ ሊጠይቃት አይችልም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አያውቅም። ይህች ልጅ ግን ሳታስበው፣ እንደ ትንፋሽ ነው የወጣላት። ባቡሩ ላይ «ጨዋታ» ብለው የናቁት ነገር ይኼ ነበር ለካ!

«በኛ፣ ልጄ» አሉ። «በኛ ሦስት ሰዓት።»

ዓርብ ልክ በሦስት ሰዓት ጽዮን ከነመሣሪያ ቦርሳዋ ደጃፋቸው ላይ ነበረች፤ ገና ሳይነጋ ነው ከዲቲኮን የተነሳችው። ሙሳ የሕንፃውን ጠባቂ፣ ኮንሲዬርዡን፣ አስፈቅዶ ጣሪያ ላይ ወጣ። አንቴናዋ ያለችው ከምድር ቤቱ ስምንት ፎቅ በላይ ነው። ድሮ የከሰል ጭስ ይወጣበት በነበረ ባዶ ቱቦ ገመድ ቁልቁል ለቀቁ። አራተኛው ፎቅ ላይ ተያዘ። ሙሳ ከላይ ይጎትታል፣ ጽዮን ከታች ትጮኻለች። አቶ ወልደሥላሴ ዝም ብለው ማየት አልሆነላቸውም። ኮታቸውን አወለቁ።

«አትጎትቱት! ሽቦ ሲያዝ ወደ ላይ መለስ ያደርጉታል፤ ጠምዘዝ አድርጎ እንደገና መልቀቅ ነው። እንዲህ!»

ወረደ። የገመዱን ጫፍም እሳቸው ናቸው ያሰሩት፤ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው እየለዩ። ጽዮን አንዴ ሞከረችውና «እንከን አልባ!» አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሰባቱም ልጆች መጡ። ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፤ ፊታቸው ገና ከጅምሩ ፈርዷል። ሔቨን የምትባለው የጥሩወርቅ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬም ምስሉ ይቆማል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ወልደሥላሴ የገመዱን ጫፍ አንድ ጊዜ ጫን አደረጉት።

ወይዘሮ ለተሚካኤል ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ሀ!»

«ሀ!» አሉ ልጆቹ።

«ሁ! ሂ! ሃ! ሄ! ህ!» ወላጆቹ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል። «ሆ!» አሉ ወይዘሮ ለተሚካኤል፤ አሉና አፋቸውን ዘግተው ቀጠሉ። «ለ!»

አንዱ አባት «ኧረ አለፈች!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ሳቁ፤ ወይዘሮ ለተሚካኤል «እናንተ ወላጆች፣ ክፍል ውስጥ አይረበሽም!» ብለው ሲቆጡ እንኳ ቁጣቸው ሳይቆራረጥ መጣ። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደ። «ቀ» ላይ ደርሰው አለፉት። ወላጆቹም ትምህርት ቤቱ አይዘጋም ብለው እዚያው ወሰኑ።

ሁሉም ተደስቶ ሲበተን አቶ ወልደሥላሴ ጽዮንን ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ አንቴናዋ በወሩ መጨረሻ ስትወርድ ይህም ይጠፋል አይደል?»

«ይጠፋል ጋሼ። አሥር ቀን ነው የቀራት።»

«መጀመሪያ የፈረምኩት...» ብለው ጀመሩ። «ያ ሰው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ባቡሩ ላይ ልነግርሽ ነበር። አፈርኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ጽዮን።

«መቼ አወቅሽ?»

«ባቡሩ ላይ፣ ስምዎን ሲነግሩኝ። ሬዢው የሰጠን ዝርዝር ላይ ከላይ አንደኛ ነዎት። እንዲህ የሚያምር ጽሕፈት ማን ይረሳል?»

«አውቀሽ ነው ገና ሳይነጋ ተነስተሽ የመጣሽልኝ?»

«ታዲያ ልጆቹ ምን አጠፉ ጋሼ?»

አቶ ወልደሥላሴ በሕይወታቸው ብዙ ክርክር ተሸንፈዋል፤ እንዲህ ያለ ሽንፈት ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ዞር ብለው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አሥር ቀን አለን አልሽ? ይበቃኛል» አሉ።

የትልቁ ኩባንያ ውል የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ስለነበር፣ ከዚያ በፊት በደብዳቤ መተው ይቻል ነበር። አቶ ወልደሥላሴ በመጀመሪያ የራሳቸውን ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ከስምንተኛ ፎቅ ጀምረው ወደ ታች በር ማንኳኳት ጀመሩ። ቀላል አልነበረም። አንዷ «ባለፈው ወር ፈርሚ አሉኝ፣ ዛሬ ተዪው ይሉኛል!» ብላ በሩን ልትዘጋባቸው ነበር። «ልክ ነሽ፤ ያን ጊዜ ሳላውቅ ተናገርኩ፤ ዛሬ አውቄ ነው» ብለው እንደቆሙ ጠበቋት። ሰው ስህተቱን ደጃፍ ድረስ ይዞ ሲመጣ በር መዝጋት ይከብዳል። ከፈተችላቸው።

በስምንተኛው ቀን ነዋሪውን በምድር ቤቱ ሰበሰቡት። የትልቁ ኩባንያ ሠራተኛም ሰምቶ መጣ፤ ጥሩ ልብስ የለበሰ ጨዋ ሰው ነው። ለፈረመ ሁሉ ስድስቱ ነፃ ወር ስምንት ይሆናል ብሎ ተናገረ። ከዚያ አቶ ወልደሥላሴ ተነሱ፤ ሠላሳ ዓመት በለመዱት ፈረንሳይኛ፣ ግን በአማርኛ ልክ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ይህ ወንድሜ ያለው እውነት ነው። የእሱ ኩባንያ ትልቅ ነው፤ ፈጣን ነው፤ እሱን የሚፈልግ ይውሰድ፣ አልከለክልም። ግን ሁላችንም ወደ እሱ ከሄድን አንቴናዋ ትወርዳለች። ነፃው ወር ሲያልቅ የምንሄድበት ሌላ በር አይኖርም፤ አንድ በር ብቻ ያለው ደግሞ በሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ይከፍላል። ሁለቱም ካሉ ግን ትልቁም ይጠነቀቃል፣ ትንሹም ይተጋል። ሁለተኛ፣ መንገዱ መጨረሻ ያለው ገበሬ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ ጋራዡ የሚያገኙት በኛ ጣሪያ ነው፤ እኛን ምንም ሳይጎዳን ለነሱ ደረስንላቸው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሥራው የልጆቻችን ሥራ ነው። ሙሳ እዚሁ ያለ ልጅ ነው፤ ሲበላሽ ደረጃ ወጥቶ ይመጣል፣ ስማችንን ያውቃል። እኔ የስልክ ሰው ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ የገባኝ ግን፣ መስመር ማለት ሽቦው አለመሆኑ ነው። መስመር ማለት ስትጠራው የሚመልስልህ ሰው ነው።»

ሠራተኛው እጁን አውጥቶ «ሙሲዩ፣ እኛ ጋ የማይመልስልዎት ማን ነው?» አላቸው።

«የሚመልስልኝ ማሽን ነው። የልጆቼ ትምህርት ቅዳሜ ሊዘጋ ነው ብዬ ባስረዳ ኮምፒዩተራችሁ በአምስት ሳምንቱ ቀጠረኝ» አሉ። ተሰብሳቢው ሳቀ፤ ጨዋው ሰውም ሳቀና በማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። በኋላ እንደተሰማው፣ ኩባንያው ለዚያ ሰፈር በስልክ የሚያነጋግር አንድ ሠራተኛ መድቧል። ክርክሩ ለትልቁም ጠቀመው ማለት ነው።

አንቴናዋ ትቀመጥ የሚለው ወረቀት በእጅ በእጅ ዞረ። ከሃያ አራቱ የሚያስፈልገው አሥራ ሦስት ቤት ነበር። ሙሳ እየቆጠረ አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ላይም ፊርማ ነበር። አሥራ ዘጠኝ! ጽዮን ከዲቲኮን በስልክ ስትሰማ «እስቲ እንደገና ቁጠረው» አለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሬዢው ደብዳቤ ደረሰ። አቶ ወልደሥላሴ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ስክሪኑ ፊት ቆመው አነበቡት፤ አንቴናዋ ትቀመጣለች፣ ምድር ቤቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ይሆናል። አንብበው ሲጨርሱ ረገንስዶርፍ ያሉት ወይዘሮ ለተሚካኤል ጠመኔያቸውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና እልልታቸውን ለቀቁት። ጥሩወርቅ ተቀበለች፤ እናቶቹ ተቀበሉ፤ ልጆቹም እንደሆነላቸው ተቀበሉ። ኮንሲዬርዡ ደንግጦ ከላይ እየሮጠ ወረደና በሩን ከፍቶ «ምን ሆናችሁ?» አለ። የሚመልስለት አላገኘም፤ ከዙሪክ በኩል የሚመጣው እልልታ ሳይቆራረጥ ገና እየቀጠለ ነበር።